ትምባሆ ቀማሹ እንየው

እንየው በሕይወቱ ለራሱ ብሎ ትምባሆ ገዝቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ መካነ ኢየሱስ ውስጥ ስሙ በተነሣ ቁጥር «ያ አጫሹ?» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ሰው ያላየውን ሲያወራ አይደክመውም። እንየው አጫሽ አልነበረም፤ አሳላፊ ነበር። እናቴ ብርቄ የፊታውራሪ ይርጋ ወጥ ሠሪ ስለነበረች፣ እኔም እዚያው ግቢ ስለተወለድኩ፣ ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ። ያላየሁትን እሷ አይታልኛለች።

የጌታ ቤት ደንብ በእስቴም በስማዳም አንድ ነው። ጠጅ ሲቀርብ አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይጠጣል። ወጥ ሲቀርብ የሠራችው ሴት በእንጀራ አጥቅሳ ትቀምሳለች። መርዝ ካለበት ያቀረበው ይቅደም ነው ነገሩ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ፊታውራሪ አዲስ አበባ ደጅ ጠንተው ሲመለሱ አንድ ሣጥን ሲጋር ይዘው መጡ። ጣት የሚያህል፣ በገዛ ቅጠሉ የተጠቀለለ ትምባሆ ነው። ምሳ እንደተነሣ አንዱን አውጥተው ለእንየው ሰጡት።

«ምን ላድርገው ጌታዬ?»

«ቅመሰዋ!»

እንየው አማተበና ጫፉን ገምጦ አኘከ። ፊታውራሪ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አይበላም፤ ይለኮሳል» ብለው ፍም አስመጡና አሳዩት። ሳበ፤ ሳለ፤ ዓይኑ ደም መሰለ። የግቢው ሰው ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ ሊሞት ነው ብሎ ይጠብቅ ነበር።

«እህስ?» አሉት ፊታውራሪ።

«አልሞትኩም ጌታዬ» አለ እንየው ትንፋሹ ሲመለስለት፤ «ግን ብዙም አልቀረኝም ነበር።»

«እሱን ተወው። ምን ምን ይላል?»

የእንየው ዕጣ የወጣው እዚህ ላይ ነው። ሌላ አሳላፊ ቢሆን «ጥሩ ነው» ብሎ ይገላገል ነበር። እንየው ግን ዓይኑን ጨፈነና አሰበ። «የተቆላ ገብስ ይላል» አለ። «ከገብሱ ኋላ አዲስ የለፋ ቆዳ አለ። ከቆዳው ኋላ ደግሞ አንድ ነገር ነበረ፤ ሄደብኝ።» ፊታውራሪ ሲጋሩን ተቀብለው ዝም ብለው ሳቡ። በማግስቱም «ተናገር» አሉት። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑ ባለቀ ቁጥር ጎንደር ያለ አንድ ግሪክ ነጋዴ ሌላ ይልክላቸው ጀመር፤ አንዳንዱ ቀጭንና ፈዛዛ፣ አንዳንዱ ወፍራምና ጥቁር።

ደንቡ ሁሉን በየተራ ያስቀምሰው ስለነበር፣ ማንም ያላስተማረውን ነገር ምላሱ አስተማረው። ትምባሆ ብቻውን አንድ ነገር ነው፤ ከምን ቀጥሎ እንደመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀጭኑ ከደረቅ ጠጅ በኋላ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል፤ ከብርዝ በኋላ ግን ይለሰልሳል። ለብርዙም ከጉና ሥር የሚመጣውን ነጭ ማር መረጠለት። ጥቁሩ ደግሞ ጣፋጭ ነገር ይንቃል። ለእሱ ከወገዳ ገበያ የቆላ ጥቁር ማር አስመጥቶ፣ ጌሾው በርከት ያለበት ጠጅ አስጥሎ፣ ብዙ ጊዜ አስቀምጦ ከቋንጣ ጋር ያቀርብለታል። «አረቄና ሲጋር ሁለት ጎረምሶች ናቸው» ይል ነበር፤ «ቆሎ መካከል ካልገባ ይደባደባሉ።» ማር ከነሰፈፉ የመጨረሻው ነው። ሰፈፉን እያኘኩ ጭሱን መሳብ፣ እሱ እንደሚለው፣ ቀፎ ውስጥ ገብቶ እንደ መተኛት ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ አትወድለትም ነበር። ሲጋር በሚጨስበት ቀን ዶሮ ወጧን ከገበታ አስወርዶባታል። «በርበሬ ያደረበት ምላስ ትምባሆ አያውቅም» ቢላት፣ «ትምባሆ የለመደ ምላስ ዶሮ ወጥ አያውቅም» ብላ መለሰችለትና ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችው። በጾም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሱፍ ፍትፍት ይሞክረዋል። አንድ ጊዜ በስልጆ ሞክሮ ሰናፍጩና ጭሱ አፍንጫው ውስጥ ተገናኙበትና እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንድ ቀን ደግሞ እሱ ታሞ በቀረበት የእናቴ ሽሮ አረረ። ሽታው ከግቢው ውጭ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ፊታውራሪ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጥርግ አድርገው በሉት። እናቴ እንዲህ ያለ ደግ ጌታ አይታ እንደማታውቅ እየደጋገመች ታወራ ነበር።

ከምሳ በኋላ ሲጋሩ የሚጨስባት የዚያች ሰዓት ነገር ግን ሌላ ነው። ክረምት ሲሆን ከጉና የሚወርደው ጉም በእልፍኙ መስኮት ይገባል። የሲጋሩ ጭስ በዚያው መስኮት ሊወጣ ይሄዳል። ሁለቱ መንገድ ላይ ይገናኙና የትኛው ጉም፣ የትኛው ጭስ እንደሆነ አይለይም። ፊታውራሪ አልጋቸው ላይ ጋደም ይላሉ፤ እንየው ከእግራቸው ሥር መደቡ ላይ ይቀመጣል። በቅሎዎቹ እንኳ ዝም ይላሉ። እንየው መጀመሪያ ይስባል፤ ሲጋሩን ያቀብላል፤ ዓይኑን ይጨፍናል።

«በል ተናገር» ይላሉ ፊታውራሪም ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ይህኛው ማለዳ ነው ጌታዬ። ታች ጋይንት ይመስለኛል። ዝናቡ አባርቷል። አንድ ሰው የባቄላ እሸት እሳት ላይ ጥሏል። ሰውየው አይታይም፤ ጭሱ ብቻ ነው በሸለቆው ውስጥ የሚሄደው።»

«የማን ማሳ ነው?»

«የማንም አይደለም። እንዲሁ ነው ያለው።»

«እንግዲያው እዚያ እንቀመጥ።»

ይቀመጡም ነበር። እናቴ በመጋረጃው ቀዳዳ ስታያቸው ሁለቱም እልፍኙ ውስጥ እንዳልነበሩ ትምላለች። አንድ ቀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው በማሽላ አገዳ መካከል ሲሄዱ ይውላሉ። አንድ ቀን እንየው በልጅነቱ ያየው፣ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ገብተው፣ ጥዱ ሥር አረፍ ብለው፣ የአሮጌ ብራና ሽታ ይዘው ይመለሳሉ። የፊታውራሪ ሚስት ሞታለች፤ ልጆቻቸው በየአገሩ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሙግት ሲሰሙ ይውላሉ። እንየውም ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያሳልፋል። ያቺ ሰዓት ለሁለቱም ማረፊያቸው ነበረች። እንየው ወደዳት። ሥራው ስለሆነች ብቻ አልነበረም፤ ከልቡ ወደዳት።

እንዲህ ሳለ አንድ ክረምት ሚስቱ ሐረገ ወይን ታመመች። የግቢው ጠጅ ጣይ እሷ ነበረች፤ ያን ሁሉ የሲጋር ጠጅ የጣለችው እሷ ናት። ክረምቱን በሙሉ ተኝታ መስከረም ሲጠባ በዘንግ ተደግፋ ተነሣች። ስትነሣ የለመነችው አንድ ነገር ነው።

«በሰማንያ መኖሩ ይብቃን» አለችው። «እንቁረብ። ሞት ደጄን አይቶት ሄዷል፤ ሲመለስ ቆርቤ ያግኘኝ። ብቻዬን ደግሞ አይሆንልኝም፤ ካንቱ ጋር ነው።»

እንየው እሺ አላት። እሺ ማለት ቀላል ነው። በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ገብረ ኢየሱስ ሄደ። አባ ገብረ ኢየሱስ ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ፣ ጠላ የማይጠሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ቄስ ነበሩ። በትምባሆ ግን ጨዋታ አያውቁም።

«ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው» አሉት። «እሱን የሳበ አፍ ሥጋ ወደሙን አይቀበልም።»

«ደንብ ሆኖብኝ እኮ ነው አባቴ። ጠጁንም እቀምሳለሁ።»

«ጠጅ የጠጣ ሰው ቢያንስ ይዘምራል። ትምባሆ ስቦ የዘመረ አይተሃል? ተወው፤ ለጥር አቆርባችኋለሁ። አልተውም ካልክ ግን እሷም በአንተ ምክንያት መቅረቷ ነው።»

ለሌላ ሰው መተው መተው ነው። አሳላፊ አልቀምስም ካለ ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ጌታው ሊገደል ነው ማለት ነው። እንየው አስቀድሞ ሊነግራቸው አሰበ። ከሰዓት በኋላ እልፍኙ በገባ ቁጥር አፉን ይከፍታል። ፊታውራሪ ዓይናቸውን ጨፍነው «በል ተናገር» ይሉታል። እሱም ይስብና ስለ ባቄላ እሸት፣ ስለ ማሽላ አገዳ፣ ስለ ሌላ ነገር ይናገራል። ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥም አለፈ። ሐረገ ወይን የቁርባን ልብሷን ፈትላ አስጨረሰች። እሱ ቤት ሲገባ ጠጋ ብላ አፉን ታሸታለች።

«ዛሬም?» ትለዋለች።

«ዛሬም» ይላታል።

አትቆጣውም፤ ፊቷን ታዞራለች እንጂ። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

በመጨረሻ አባ ገብረ ኢየሱስ «ከነገ ጀምሮ ሱባኤ ግቡ» ብለው ላኩባቸው። በዚያው ቀን ደግሞ ከስማዳ የተከበሩ እንግዶች መጡ። ፊታውራሪ የእንየውን ሙያ ሊያሳዩ ፈልገው ገበታው በአዳራሹ እንዲሆን አዘዙ። ምሳው ተነሣ፤ ያደረው ጠጅ ቀረበ። እንየው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ጠጣ። ማሩን ከነሰፈፉ ቆርሶ ቀመሰ። ከዚያ ጥቁሩን ሲጋር ፍሙ ላይ አስጠግቶ፣ እፍ እያለበት፣ ከንፈሩን ሳያስነካው፣ ጫፉ እስኪቀላ አሽከረከረው። በሁለት እጁ ይዞ አቀረበ።

የፊታውራሪ እጅ ከመንገድ ቀረች።

«አልቀመስከውም» አሉ።

«አልቀመስኩትም ጌታዬ።»

ከእንግዶቹ አንዱ ብርሌውን አስቀምጦ «መርዝ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ተነሣ። ከጠጁ የጠጡት ጉሮሯቸውን ያዙ። አሽከሮቹ፣ ጧት አብረውት ቆሎ የቆረጠሙት ሰዎች፣ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዘው መሬት ላይ አንበረከኩት። እናቴ ከአዳራሹ መጋረጃ ኋላ አብራት የቆመችውን የሐረገ ወይንን እጅ ያዘች።

«ልቀቁት» አሉ ፊታውራሪ። «ሁላችሁም ውጡ።»

«ከእሱ ጋር ብቻዎን ጌታዬ?»

«ውጡ አልኩ!»

ወንዶቹ ወጡ። ከመጋረጃው ኋላ ሴቶች መኖራቸውን ያስታወሰ አልነበረም።

«መርዝ አለበት?» አሉ ፊታውራሪ።

«የለበትም ጌታዬ።»

«ታዲያ ምነው?»

እንየው እንደተንበረከከ ሁሉን ነገራቸው። የሐረገ ወይንን ሕመም፣ ልመናዋን፣ የአባ ገብረ ኢየሱስን ቃል፣ የነገውን ሱባኤ ነገራቸው።

«ይህን ሁሉ ይዘህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ፈራሁ ጌታዬ። ከነገርኩዎ ሌላ ቀማሽ ያስቀምጣሉ። ያቺን ሰዓት ለሌላ ሰው መስጠት አቃተኝ።»

ፊታውራሪ ጎንበስ ብለው ከእንየው እጅ የወደቀውን ሲጋር አነሡ። ሲጋሩ በእጃቸው እንደተያዘ ብቻውን ይጨስ ነበር።

«አዲስ አበባ ሳለሁ ተስቦ ይዞኝ ነበር» አሉ በኋላ። «እኔ ተረፍኩ፤ አፍንጫዬ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ጠጁ ውኃ ነው፤ ማሩ ሰም ነው። ጠላቶቼ ቢሰሙ ለመርዝ ተመቸልን ይሉ ነበርና ለማንም አልተነፈስኩም።»

«ታዲያ ሲጋሩ ጌታዬ?»

«አፍንጫ ይከፍታል ብለው ሰጡኝ። አልከፈተም። ግን አንተ የመጀመሪያ ቀን የተቆላ ገብስ ስትል ገብሱ መጣልኝ። የእናቴ ቤት ገብስ። ይህን ሁሉ ዘመን ትምባሆውን ማን ፈለገው እንየው? አንተ እንድትናገር ነው እንጂ።»

ይህን ብለው ሲጋሩን አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ፊታውራሪ ይርጋ ያልተቀመሰ ነገር ወደ አፋቸው ሲያስገቡ እናቴ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቡ። ትራሳቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በል ተናገር።»

«ሳልቀምሰው?»

«ሳትቀምሰው።»

እንየው ተነሣና ጉልበቱን አራገፈ። ከዚያ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ።

«ገና አልነጋም» አለ። «ብርድ ነው። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ሰው ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ሐረገ ወይን ከፊቴ ትሄዳለች። ዘንጓን ቤት ትታዋለች። እንዳልቀድማት ቀስ እላለሁ። አቀበቱ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ትጠብቀኛለች።»

ከመጋረጃው ኋላ ሐረገ ወይን ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ይህ የትምባሆው ነው?» አሉ ፊታውራሪ።

«አይደለም ጌታዬ።»

«ግድ የለም፤ ቀጥል።»