የኋላው መቀመጫ

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሦስት ሰው ከያዘው ወንበር ላይ አራተኛ ሊጠቀጥቅ ቢሞክር መጀመሪያ የሚሰማው የእኔን ድምፅ ነው። ጎረቤት ልብስ አጥቦ ውሃውን በረንዳችን ላይ ቢያንጠባጥብ ፎቁን ወጥቼ አንኳኳለሁ። ባለቤቴ «አንቺ አፍሽ ቤንዚን ነው» ይለኛል። ይህ አፍ የሚታሰረው በአንድ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ በባለቤቴ አባት ፊት።

አማቴ በወጣትነታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከደሴ አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። ከዚያ ዘመን የቀራቸው ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ጣሊያን ሠራሽ ሞተር ሳይክል ነው። የፋብሪካው መቀመጫ ድሮ ስለተቀደደ ሌላ የሠሩለት በገዛ እጃቸው ነው። ከመኪናቸው የጭነት ሳጥን የተረፈ ጣውላ ከሥር አደረጉ፣ ስፖንጅ ደረቡበት፣ በሸራ ጠቀለሉት። ባለቤታቸው በጎን ሲቀመጡ እንዳይንሸራተቱ ብለው ደግሞ ጣውላውን ከኋላ በኩል ከፍ አደረጉት። በዚህ ሥራቸው በጣም ይኮራሉ።

ሙሽራ ሆኜ ሳሊተ ምሕረት ያለው ኮንዶሚኒየማቸው ስገባ ሞተሩ ላስቲክ ለብሶ ደረጃ ሥር ቆሞ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የነካው ሰው የለም፤ እሳቸውም ከሶፋው የሚነሱት ለሶላት ብቻ ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ ሥራሽ የት ነው?» አሉኝ። ገርጂ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ መሆኔን ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ስወርድ ላስቲኩ ተገፎ፣ ሞተሩ ታጥቦ፣ እሳቸው ሄልሜታቸውን አድርገው ጠበቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የሚያደርሱኝ እሳቸው ሆኑ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ሞተሩን ብቻ አይደለም፣ አባባንም ያስነሳሻቸው አንቺ ነሽ» እያለ መረቀኝ።

እንግዲህ እንዲህ ከተመረቅሁ በኋላ መቀመጫው ይቆረቁራል ብዬ እንዴት ልናገር?

ይቆረቁራል ስል ደግሞ ዝም ብሎ መቆርቆር አይደለም። ረጅም ቀሚስ ስለምለብስ የምቀመጠው በጎን ነው፤ ክብደቴ በሙሉ የሚያርፈው በአንድ ዳሌዬ ላይ ነው። በዳሌዬና በጣውላው ጠርዝ መካከል ያለው ስፖንጅ ከዘመን ብዛት እንደ ቂጣ ሳስቷል። በጃክሮስ በኩል አቆራርጠን ኮብልስቶኑ ላይ ስንገባ እያንዳንዱ ድንጋይ ይሰማኝ ነበር። እሳቸው በነፋሱ መሃል አንገታቸውን ዞር አድርገው «ተመቸሽ?» ብለው ይጮኻሉ። እኔም ጥርሴን ነክሼ «በጣም፣ አባባ!» እላለሁ።

ክሊኒክ ስደርስ ጉንጩ ያበጠ ሰው ይጠብቀኛል። ሕመሙ መቼ እንደጀመረው ስጠይቀው «ኧረ ቆይቷል፣ ይሁን ብዬ ነው» ይለኛል። «እንዴት እስካሁን ዝም ይላሉ!» ብዬ እቆጣለሁ። የምቆጣው ቆሜ ነው፤ መቀመጥ አልችልማ።

ውሎ አድሮ ሌሊት መገላበጥ እንኳ አቃተኝ። ባለቤቴን አባትህን ንገራቸው አልኩት። «እኔ? ሞተሩን ከተዉ እኮ ተመልሰው ሶፋው ላይ ነው የሚወድቁት። አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል» አለ። ትራሱን አዙሮም ተኛ። የሚያስፈራኝም ይኸው ነበር። እውነቱን ብናገር እኚህን ሰው መልሼ ሶፋው ላይ እጥላቸዋለሁ።

በመጨረሻ መላ የዘየድኩ መሰለኝ። «አባባ፣ የመቀመጫው ሸራ ተሰነጣጥቆ ዝናብ እያስገባ ነው። ክሊኒካችን ጀርባ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ሰው አለ፤ ለምን አናሳድሰውም?» አልኳቸው። የእጃቸውን ሥራ ለሰው አልሰጥም ብለው ይከራከሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቃሌን ሳልጨርስ «ጥሩ አሰብሽ ልጄ፣ ነገውኑ ፈትቼ እወስድለታለሁ» አሉ። እንዲህ በቶሎ እሺ ማለታቸው ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። ከደስታዬ ብዛት ልብ አላልኩም።

ወንበር አልባሹ ከደቡብ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው መዝሙር ከፍቶ፣ እሱም አብሮ እየዘመረ ነው። መቀመጫው በደረሰው ቀን በምሳ ሰዓት ብቻዬን ሄድኩ። «ወንድሜ፣ የኋላውን ጣውላ አውጣልኝና ወፍራም ስፖንጅ አድርግበት። ከላይ ሲያዩት ግን እንደድሮው ይምሰል። እኔ እንዳዘዝኩህ ለአባባ እንዳትነግርብኝ» አልኩት። መዝሙሩን አቆመ።

«የኋላውን ነው ያልሽኝ፣ እህቴ?»

«አዎ፣ የኋላውን።»

ጭንቅላቱን አከከና «እሺ» አለ። ደስ ያለው እሺ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሰውየው በሰበብ ያመላልሰኝ ጀመር። አንዴ ስፖንጅ ከመርካቶ አልመጣም፣ አንዴ መብራት የለም፣ አንዴ የሌዘሩ ቀለም አልገጠመም። እኔ በሚኒባስ ተመላለስኩ፤ ዳሌዬም እየተሻለው መጣ። በዳሌዬ ደስ ሲለኝ በአማቴ ግን ኅሊናዬ ይወቅሰኝ ነበር። እሳቸው ጠዋት ጠዋት እስከ በር ይሸኙኛል፤ ይቀልዳሉ፣ ቁርሳቸውንም በደንብ ይበላሉ። እኔ ይህን ሁሉ ለእኔ ብለው ነው አልኩ። ሆዳቸው እያዘነ ፊታቸው የሚስቅ መሰለኝና አንጀቴን በሉት።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና በምሳ ሰዓት ለወንበር አልባሹ የቆየ ቁጣዬን ይዤለት ሄድኩ። መጋረጃውን ገፍቼ ስገባ አማቴ አንድ አሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሰውየው ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ።

«አንቺ!» አሉ።

«አባባ!» አልኩ።

ሰውየው ራዲዮውን አጠፋ። መቀመጫው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ገና ምላጭ አልነካውም፣ በጠመኔ ብቻ ተሰምሮበታል። «ጌታ ምስክሬ ነው፣ በእናንተ ምክንያት እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለ። «እርስዎ አባት፣ የኋላውን ቆርጠህ ጣልልኝ፣ የአንድ ሰው ብቻ አድርገው፣ ለልጄ እንዳትነግር አሉኝ። አንቺ እህቴ ደግሞ የኋላውን አወፍርልኝ፣ ለአባባ እንዳትነግር አልሽኝ። ቆርጬ የጣልኩትን ነው የማወፍረው?»

እኔ የሰማሁት ቆርጠህ ጣልልኝ ያሉትን ብቻ ነው። «አባባ፣ አስቀየምኩዎት እንዴ?» አልኩ።

መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ጉልበቴ ነው ልጄ። መብራት ላይ ስንቆም እግሬን መሬት ስተክል ይከዳኛል። ያን ሰሞን ገርጂ መብራት ላይ ዘንበል ስንል ትዝ ይልሻል? አንቺ ሳቅሽ።»

ትዝ አለኝ። ሆን ብለው የሚያጫውቱኝ መስሎኝ ነበር የሳቅሁት።

«እኔ ያን ቀን ስፈራ ነው የዋልኩት። ብቻዬን ብወድቅ ምንም አይደለም፣ እነሳለሁ። አንቺን ይዤ ብወድቅስ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰዉ ሁሉ እሷ ናት ያስነሳችህ ይለኛል። አልወስድሽም ብልሽ ቂም የያዝኩብሽ ይመስልሻል ብዬ ነዋ። አንቺም በየጠዋቱ ተመችቶኛል ትያለሽ። ደስታሽን እንዴት ልቀማሽ?»

«አልተመቸኝም!» ብዬ ጮኽኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። «አንድም ቀን ተመችቶኝ አያውቅም፣ አባባ። ዳሌዬ አልቋል!»

ወንበር አልባሹ ወደ ስፌት መኪናው ሸሸት አለ። አማቴ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ከዚያ ከወንበሩ እንዳይንሸራተቱ ጠረጴዛውን ያዙ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሰውየው «ሃሌሉያ!» ብሎ ራዲዮውን መልሶ ከፈተው። እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ተሸክሜው የኖርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አወረድኩትና አየር ሳብኩ።

ሥራው ከዚያ በኋላ ቶሎ አለቀ። የፊተኛው ግማሽ በአዲስ ስፖንጅ ተሠራ፤ ሰውየው አማቴን ሞተራቸው ላይ እያስቀመጠ፣ እያወረደ፣ ስፖንጁን በረጅም ቢላዋ ትንሽ ትንሽ ይልጠው ጀመር። «አሁንስ አባት፣ ደህና ነው?» ሲላቸው «ደህና ነው» አሉና እኔን አየት አደረጉ። «ኧረ አይደለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ዝቅ ይበልልኝ» አሉት። ዝቅ አደረገው። ሁለቱም ተረከዛቸው ሙሉ በሙሉ መሬት ሲነካ ፊታቸው ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም። ላዩን በጥቁር ሌዘር ወጥሮ አለበሰው።

ሶፋው ላይ ይወድቃሉ ብዬ መፍራቴ ለከንቱ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት እኔን ሚኒባስ ያስይዙኝና ብቻቸውን ቦሌ ቡልቡላ ይወርዳሉ፤ እዚያ የድሮ ሹፌር ጓደኞቻቸው አሉ። አንዳንድ ቀን ሚኒባሳችንን ሲያልፉት ጡሩምባ ይነፉልኛል።

አንድ ቀን ክሊኒክ ተቀምጬ ሳለሁ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። ውስጡ የተቆረጠው የኋላ መቀመጫ ነበር፤ እሱም አዲስ ሌዘር ለብሷል። «ጣውላው የመኪናዬ ነው፣ የባለቤቴም መቀመጫ ነበር፣ መጣል አልሆነልኝም። ስፖንጅ አስደርቤበታለሁ፤ ወንበርሽ ላይ አድርጊው» አሉኝ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ያዩናል። አነጠፍኩትና ተቀመጥኩበት። የጣውላው ጠርዝ ያንኑ የጥንት ቦታውን አገኘው።

«በጣም…» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ተውኩት። «አባባ፣ ይቆረቁራል።»

«አይደረግም! አዲስ ስፖንጅ እኮ ነው!» አሉና አስነሥተው ነጥቀውኝ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ራሳቸው ተቀመጡበት፣ ልክ እንደ እኔና እንደ ባለቤታቸው በጎን። ዘመናቸውን ሁሉ ከፊት ሲነዱ ኖረዋል፤ በዚያኛው ግማሽ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ወደ ቀኝ አሉ፣ ወደ ግራ አሉ። ፈገግታቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። ተነሥተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

«ከደሴ ኮምቦልቻ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ በዚህ ነበር ይዣት የምወርደው» አሉ። «እየዞርኩ ተመቸሽ ወይ እላታለሁ።»

«ምን ይሉዎት ነበር?»

«በጣም።»

እሳቸው በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉና ሳቅ አሉ፤ የሐዘን ሳቅ አልነበረም። «እሷን በዚያኛው ዓለም ስንገናኝ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ። የአንቺን ግን በቁሜ ሰማሁት፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። መቀመጫውን ወደ ፌስታሉ መለሱት። «በይ፣ ምሳ ሰዓትሽ ደርሶ የለ? ተነሺ፣ ሰውየው ጋ እንሂድና ይህን ጣውላ ያውጣው።»