የኑርዬ የጠዋት ፕሮግራም

በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ በዶሮ ጩኸት ብቻ አትነቃም ነበር፤ ኑርዬ ይመርም ነበረላት። ጎህ ሲቀድ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ ካለችው ጠባብ ክፍል ይገባል፣ መሣሪያውን ከመኪና ባትሪ ጋር ያገናኛል፣ የአዲስ አበባን ሬዲዮ ይከፍታል። ወዲያው ገበያው ዳር ባሕር ዛፍ ላይ የታሰሩት ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ይጀምራሉ። ዓሣ አጥማጁም፣ የወልዲያ ተሳፋሪውም፣ ከእስጢፋኖስ የሚመለሰው ደብተራም ወደደም ጠላም ይሰማል። ኑርዬ በወጣትነቱ ደሴ ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ስለሆነ ከእሱ ሌላ ያንን ዕቃ የሚደፍር አልነበረም። ካድሬ መጣ፣ ካድሬ ሄደ፣ እሱ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም።

በ1980 ዓ.ም. ግን ያ ሰው መቀመጥ አቃተው። የበኩር ልጁ ሰላሀዲን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ኤርትራ ነበር፤ አፋቤት ላይ ጦሩ ከተበተነ ወዲህ ደብዛው ጠፋ። ሞቷል የሚል የለም፤ አለ የሚልም የለም። ሚስቱ መሪማ ማታ ሲገባ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፣ እሱም ዓይኑን ያሸሻል። ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይነሳል፣ ደጅ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ልቡ ስቅል ብሎ ነው የከረመው።

ያን ጊዜ የአማፂዎቹ ሬዲዮ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአማርኛ እየተናገረ የተማረኩ ወታደሮችን ድምፅ ያሰማል ይባል ነበር። እሱን ሲያዳምጥ የተገኘ ይታሰራል። የኑርዬ ቤት ደግሞ ከአንድ አብዮት ጠባቂ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው በማዶ ሆኖ «ይማርህ» ይለዋል። ይህም ባይሆን በዚያ ሰዓት ኑርዬ ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ ዘየደ። ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ አንድ ሰዓቱ ዜና ድረስ የአዲስ አበባው ሞገድ አይጠራም ብሎ አስወራና ማጉያውን ከቴፑ ጋር አያያዘው። አምባሰል ውስጥ ሠርግ ላይ የተቀዳ የመሰንቆ ካሴት ነበረው፤ እሱን ለከተማው ለቀቀ። ሬዲዮው በዚህ መንገድ ነፃ ሲወጣለት ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ወትፎ የተከለከለውን ጣቢያ ማደን ጀመረ። ሞገዱ ስለሚታወክ ከሰማው ያልሰማው ይበልጥ ነበር። «ስሜ እገሌ ይባላል፣ የመጣሁት ከ…» ይልና የሰው ልጅ ድምፅ በፉጨት ይዋጣል። ኑርዬ የሬዲዮዋን መርፌ ወዲህ ወዲያ ያደርጋል። ዛሬም አልሆነም፣ ነገ ይሆናል እያለ ያድራል።

ነገሩን ያበላሸው የአድማጭ ፍቅር ነው። በቀበሌው ስብሰባ የሚያንጎላጅ ሁሉ በዚያ ሰሞን እጁን እያወጣ «የጠዋቱ ዘፈን ይርዘምልን፣ ድምፁም ይጨመር» አለ። ጓድ ፈንታሁን የሚባለው ካድሬ ከሌላ አውራጃ ተዛውሮ ገና መምጣቱ ነበርና ሕዝብ አንድ ነገር ወደደ ሲባል ደስታውን አልቻለውም።

«ጓድ ኑርዬ፣ ሕዝብ የወደደውን ማጠናከር አለብን» አለው። «ከነገ ጀምሮ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ይሁን። ዘፈን የሚመርጥም መጥቶ ይምረጥ፣ ስም ይጠራለት። እኔም እየመጣሁ አግዝሃለሁ።»

ማገዝ ያለው ሻዩን ይዞ ከኑርዬ ጎን መቀመጥን ነው። ጉልበታቸው እስኪነካካ በምትጠብ ክፍል ውስጥ በየጠዋቱ እየመጣ ጭንቅላቱን በዜማው ይወዘውዛል። ሬዲዮው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ኑርዬ ዓይኑን ከሬዲዮው ላይ መንቀል ያቅተዋል። ምናልባት ልጁ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ እየተናገረ ነው። በገዛ ብልሃቱ በገዛ ጆሮው ላይ በር ዘጋ።

እንግዲያው ሰዉ ፕሮግራሙን ይጥላውና ይቅር ብሎ ተነሳ። አንዱን ካሴት፣ ያንኑ ገጽ፣ ሳምንት ሙሉ ደጋገመው። ዝም። ክሩ የላላ፣ ዘፋኙን እንደ ሰካራም ቃል የሚያስጎትት ካሴት አስገባ። ዝም። የሰልፍ ማርሽ ደረደረ፤ አንድ ሰው እንኳ ቅር አላለውም። መንገድ ላይ ሲያገኙት እንዲያውም «እጅህ ይባረክ ኑርዬ፤ ድምፁን ብቻ ጨመር አድርገው» ይሉታል። ምን ዓይነት አድማጭ ነው ይኼ? ጆሮ የለውም እንዴ እያለ ሲበሳጭ ሰነበተ።

አንድ ጠዋት ኑርሀያት በመስኮቱ ብቅ አለች። አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ሻይ ቤት ያላት ሴት ናት፤ ሰላሀዲን ለውትድርና እስኪወሰድ ድረስ እሷ ዘንድ ያስተናግድ ነበር። ፈንታሁንን ስታይ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተናገረች።

«ዘፈን ልመርጥ ነው። ለሰላሀዲን ይሁንልኝ።»

የኑርዬ እጅ ቴፑ ላይ ቀረ።

«ማን ነው እሱ?» አለ ፈንታሁን።

«እኔ ቤት ሲሠራ የነበረ ልጅ ነው፣ ጓድ። አሰብ ወደብ ጭነት ላይ ነው። ትናንት ድምፁን ሰማሁት።»

«በስልክ?»

«በስልክ» አለችና ወደ ኑርዬ ዞረች። «ልክ በዚህ ሰዓት ነው፣ አንተ ዘፈኑን ለቀህ፣ እኔ በሬን ዘግቼ። ወላሂ ድምፁን አልስተውም። እግሩን ታሞ ነበር፤ ድኗል። ‹እናቴን አብሽሪ፣ አይዞሽ በሏት› ብሏል። ይኸንንም ጨምረህ ንገርልኝ።»

ኑርዬ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው። የሐይቅ ሰው መሰንቆውን አይሰማም ነበር። ዘፈኑ ከተማውን ሲሞላው የጎረቤት ጆሮ ይደነቁራል፤ ያኔ ልጁ የጠፋበት ሁሉ በሩን ዘግቶ ያንን የተከለከለ ሬዲዮ ይከፍታል። ማርሽም ቢሆን፣ የላላ ክርም ቢሆን ግድ ያልነበራቸው ለዚህ ነው።

ማይክራፎኑን አነሳ። ሐይቅ ውስጥ ሰላሀዲን የሚባል ሞልቷል፤ ማንም ስሙን ሰምቶ አይጠረጥርም። «ይህ ዘፈን ለሰላሀዲን ነው» አለና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ደህና ነው። እናቱንም አብሽሪ ብሏታል።»

«ታለቅሳለህ እንዴ?» አለው ፈንታሁን።

«አምባሰል ነው፣ ጓድ» አለ ኑርዬ። ፈንታሁን እኔንም ይነካኛል ብሎ ሻዩን ፉት አለ።

የኑርዬ እግር ወደ መሪማ ሊሮጥ ተነስቶ ነበር። ግን እሱ ሄዶ ካሴቱ ቢያልቅና ዘፈኑ አሁን ቢቋረጥ በየቤቱ የተከፈተው ሬዲዮ ሁሉ ደጅ ድረስ ይሰማል። ተመልሶ ተቀመጠና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ልጃቸውን የሚጠብቁ እናቶች ገና ብዙ ነበሩ።