ወይዘሮ ያልኳት ልጅ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሐበሻ ልጆች በሚማሩበት ትንሽ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጅቷ የመጣችው ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ ከመተማ ተሻግራ ከእርሻ እርሻ እየዞረች የምታጭድ የቀን ሠራተኛ ስለሆነች፣ ልጅቷ አንዱን ዓመት ስትጀምር ሌላውን ስታቋርጥ ከዘጠኝና ከዐሥር ዓመት ልጆች ጋር መቀመጥ ግድ ሆነባት።

በሩ ላይ ስትቆም ቁመቷ ከእኔ እኩል ነበር። የእናቷን ሻሽ አስራለች። ልጆቹ ጸጥ ብለው ሲያዩዋት ድንጋጤዋን ላቀልላት ብዬ፣

«ወይዘሮ፣ እንኳን ደህና መጡ! ከኋላ ይቀመጡልን» አልኳት።

ልጆቹ ሳቁ። እሷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ጥሩ አቀባበል ያደረግሁላት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በስሟ የጠራት የለም። መጀመሪያ «ወይዘሮ» ብቻ ነበር። ቀጥሎ «ወይዘሮ፣ ባልሽ ደህና ነው?» መጣ። ቀጥሎ ወደ ክፍል ስትገባ እልል ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን እኔ ራሴ እልልታውን ከውጭ ሰምቼ፣ ልጆቹ ዛሬ ደስ ብሏቸዋል ብዬ ፈገግ እያልኩ ገባሁ። ልጅቷ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ነበር። ራሷን አሟት ይሆናል አልኩ።

በመምህራን ክፍል የቅጽል ስሟ ነገር አንድ ጊዜ ተነሥቶ ነበር። ሒሳብ የሚያስተምሩት ሽማግሌ መምህር ሻያቸውን እያማሰሉ፣

«እኛስ ስም ሳይወጣልን ነው ያደግን? ልጅ እንዲህ ነው የሚጠነክር» አሉ።

የአረብኛው መምህር ደግሞ፣ «በቁመት ሁሉንም ትበልጣቸዋለች። እነሱ ናቸው እሷን መፍራት ያለባቸው» አለ።

እውነት መሰለኝ። የሚበደል ልጅ ሲባል በሐሳቤ የሚመጣብኝ ትንሽ፣ ቀጭን፣ የሚያለቅስ ልጅ ነው። እሷ ትልቅ ነበረች፤ አታለቅስም ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ላይ ልጆቹ ከቡትቶ ሕፃን ሠርተው መቀመጫዋ ላይ አስተኙላት። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት፣ ያቺ ትልቅ ልጅ አንዱን ትንሽ ልጅ በጥፊ ስትመታው ብቻ ነው። አፍንጫው ደማ። ሦስታችንም መምህራን ሮጠን ደረስን። ሳምንታት ሙሉ ምንም ያልታየን ሰዎች ይህችን ጥፊ ወዲያው አየናት።

«ምን አደረገሽ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኋትም። ግቢው መካከል ፀሐይ ላይ አንበረከክኋት። በመስኮት ዞር ብዬ ባየኋት ቁጥር ቀጥ ብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተንበርክካ ነበር። ወደ ቤት መሄጃው ደወል ሲደወል ተነሣች፤ ጉልበቷን አራገፈች፤ ደብተሯን ሳትወስድ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን እናቷ መጣች። ከምታበስልበት ምግብ ቤት ፈቃድ ጠይቃ ነው፤ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

«መምህርት» አለችኝ፣ «ለእሷ ስል ነው ዘንድሮ ወደ አጨዳ ሳልወርድ ከተማ የቀረሁ። አሁን ግን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ እንቢ አለች። ወይዘሮ ነው አሉ የሚሏት። ይህን ስም ማነው ያወጣባት?»

አየችኝ።

«ልጆች ናቸው» አልኳት።

«ልጆች...» አለች። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ደብተሩን ይዛ ወጣች።

በዚያው ሳምንት እናትና ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቁረይሻ ወረዱ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ አንድ ዓርብ፣ ሠራተኛ የሚጭን ሎሪ ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሠራተኞቹን የሚያሠራውን ወኪል ጠይቄ ልጅቷን እርሻው ዳር አገኘኋት። ነዶ ታስር ነበር። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። መዳፏ ተሰነጣጥቋል።

«ወደ ትምህርትሽ ተመለሽ። ልጆቹን እቀጣቸዋለሁ» አልኳት።

«አይቅጧቸው ኡስታዛ» አለችኝ፤ ተማሪዎቼ መምህርት ሲሉ በአረብኛ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። «ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው።»

«ስሙን ያወጣሁት እኮ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ።» ነዶውን ጠበቅ አደረገችው። «ያን ቀን እኔም ስቄያለሁ። ለእማዬ አልነገርኋትም። ስለ እርስዎ ደግ ሰው ናቸው እያለች ነው የምታወራ፤ ለምን ይከፋታል?»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «ኸላስ፣ አለቀ፣ ምንም አይደል» አለች፤ እንደ ትልቅ ሰው። ከዚያ ወኪሉ ተጣራ፤ ወደ ሥራዋ ሄደች። እስከ ከሰዓት ጠበቅኋት። ዳግመኛ ወደ እኔ አልመጣችም።

ተመልሼ ለባልደረቦቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌው መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። «አጨዳው ነው የወሰዳት፤ ሁልጊዜም የሚወስዳቸው አጨዳው ነው። ራስሽን አታስጨንቂ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነበር። ከክፉ ቃል የባሰ አመመኝ።

ልጆቹን ሰብስቤ ስለ ስም ማውጣት ረጅም ንግግር አደረግሁላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። «እሺ ኡስታዛ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ዘንድሮ ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ የመጣ የሚንተባተብ ልጅ አለ። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ከበው ንግግሩን እያስመሰሉ ሲሳለቁበት ከመምህራን ክፍል ሆኜ ሰማሁ። ልወጣ ተነሣሁ። ወጥቼ ምን እንደምላቸው ግን አላወቅሁም። ከጎኔ ያሉት መምህራን ሻያቸውን ይጠጣሉ። በሩ ጋ ትንሽ ቆምኩና መልሼ ተቀመጥኩ።