በአንድ እግር የሚወራ ወሬ

ልጄ ከአዲስ አበባ መጥታ ልትወስደኝ የቆረጠችው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከወደቅኩ በኋላ ነው። የባልዲው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ፈሶ አዳለጠኝ። ከምሳ በኋላ የወደቅኩ ሰው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ተጋድሜ ዋልኩ። ሳሎን ውስጥ ስልኩ ይጮኻል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጮኻል፤ የምትደውለው እሷ ነበረች። ማታ ላይ ግድግዳውን ይዤ ራሴው ተነሣሁ። አጥንቴ ደህና ነበር፤ ልጄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ደህና አልሆነችም።

«አዳማ ብቻዎን መኖር አበቃ፣ አባባ። ክፍሉን ቀለም አስቀብቼዋለሁ» አለችኝ።

ክፍሉ ያለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም። አንድ ሽማግሌ እዚያ ላይ ሆኖ ምን ይሠራል? ፊት ለፊት ሕንፃ ላይ የተሰጣ ልብስ እያየ ይውላል። እኔ ደግሞ እዚህ ናዝሬት የገዛ እጄ የሠራው ቤት፣ የገዛ እጄ የዘረጋው የመብራት ገመድ አለኝ። ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አላየሁም፤ የኤሌክትሪክ ሥራን የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው። ልጆቼንም ያሳደግኩት ከመጽሐፍ እንዳነበብኩት በሥርዓት፣ ጥርስ በማያሳይ ፊት ነው። ስለዚህ ልጄ እስክትመጣ ድረስ እግሬን ላስተምረው ተነሣሁ።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። «በአንድ እግርዎ ይቁሙልኝ» አለችኝ። ቆምኩ ብዬ ስኮራ፣ ለካስ ጠረጴዛዋን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ሰው ሲያረጅ የጭኑና የባቱ ጡንቻ እየሟሸሸ፣ ሚዛን መጠበቁም እየደከመ እንደሚሄድ፣ ነገር ግን በልምምድ ብዙው እንደሚመለስ አስረዳችኝ። ከዚያ «ቀኑን ከማን ጋር ነው የሚያሳልፉት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከመጽሐፍ ጋር» አልኳት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

«ጥሩ ነው። ግን ሰውም ያስፈልግዎታል። ብቸኝነት እንቅልፍንም ደም ግፊትንም ይነካል።»

የእግሩን ምክር ይዤ ወጣሁ። የሰውን ነገር የወጣት ወሬ ነው ብዬ እዚያው ተውኩት።

ሰው ጠፍቶ አልነበረም። ከቤቴ ጥግ ካለችው ሱቅ ፊት ለፊት አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አመሻሹ ላይ ሻይ ይጠጡባታል። እኔም እጠጣ ነበር። ብዙ መቀመጥ እንደሚጎዳ፣ ስኳርም እንደማይበጅ ካነበብኩ ወዲህ ግን ተውኩ። ስተው ደግሞ ዝም ብዬ አልተውኩም። ሁሉንም ገሥጬ፣ «ቁጭ ብላችሁ እየሞታችሁ ነው» ብዬ ነው የሄድኩት። ደስ አላላቸውም።

ጓሮዬ ውስጥ ልምምድ ጀመርኩ። እጆቼን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ማንጎው ዛፍ ላይ ተክዬ፣ አንድ እግሬን አነሣለሁ። አንድ ጠዋት ከአጥሩ በላይ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤቴ የውሃ ታንከሩን ሊያይ ማማው ላይ ወጥቶ ኖሯል። የወሎ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ በደራ በኩል አሰላ ድረስ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ አፉ ግን ፍሬን የሌለው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል? የቆቃን አባ ኮዳ መስለህ የለም እንዴ!»

አባ ኮዳን ያላየ ካለ፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆቹን ከቦ በአንድ እግሩ የሚቆመው ትልቁ ወፍ ነው። መላጣ ነው። እኔም መላጣ ነኝ።

«ስፖርት ነው። አንተ ብትሞክረው ትወድቃለህ» አልኩት።

«እኔ? ዳገትና ቁልቁለት በዚህ እግር ያለፍኩት?» ብሎ እዚያው ማማው ላይ እግሩን አነሣ። ወዲያው «ወላሂ!» ብሎ ታንከሩን እንደ ሙሽራ አቀፈው።

ሳቅኩ። እንዲያውም ከት ብዬ ስስቅ የማንጎው ግንድ ባይኖር ኖሮ እኔም እወድቅ ነበር። ያን ዕለት አመሻሹ ላይ እጄን ይዞ እየጎተተ ወደ አግዳሚዋ መለሰኝ። ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚያወራ ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ ያወራል። እግሩ መሬት ከነካ ወሬው ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማያውቀን ሰው መንገር ያስቸግራል። የወለንጪቲ ጤፍ ነጋዴ የነበረ አንድ ወዳጃችን ስለጠፋች ግመሉ ለዓመታት ሲያወራልን ኖሯል፤ ወሬውን ስለሚያስረዝመው ግመሏ ሳትገኝ መግሪብ ይደርስና እንበተናለን። አሁን ግመሏን ለማግኘት ብሎ እግሩን ማጠንከር ጀመረ። ኩሽና ውስጥ በአንድ እግር ቆሞ ብቻውን ሲያወራ ሚስቱ አግኝታው ጸሎት አስደርጋለታለች። ባጃጅ ነጂዎች ፍጥነታቸውን ቀንሰው «ፋዘር፣ ቻርጅ ላይ ናችሁ እንዴ?» እያሉ ይጮኹብናል። እኔም ስለ ስኳር መገሠጼን አልተውኩም። እግሬ እስካልወረደ ድረስ መስማት ግዴታቸው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ተደምጬ አላውቅም፤ ለመደመጥ ስል ነው ባቴ የጠነከረው።

እንቅልፌ ተመለሰ። ሐኪሟም ግፊቴን ለክታ «ምን አድርገው ነው?» አለችኝ። «እየተጨቃጨቅኩ ነው» አልኳት።

ልጄ ባዶ ሻንጣ ይዛ ከባጃጅ የወረደችው በዚህ መሃል ነው። ቤት ውስጥ ጋቢ ለብሼ የምጠብቃት መስሏት ነበር። መንገድ ዳር በአንድ እግር ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ስኳር ቆሽትን እንዴት እንደሚጎዳ ስናገር አገኘችኝ።

«አባባ! ምን ሆነዋል?»

«ቆይ ልጄ፣ እዚህ በሁለት እግር አይወራም» አላት ሾፌሩ ጎረቤቴ።

«አካም ኦልቴ፣ ኢንታላ ኮ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት ዋልሽ ልጄ አላት ጤፍ ነጋዴው። «እውነቱን ነው፣ ሕግ ነው።»

ፊቴን አየች። እንድቆጣላት ነበር የፈለገችው።

«ሕግ ነው» አልኳት።

ታኮ ጫማዋን አውልቃ ሻንጣው ላይ አስቀመጠች። ስትናደድ አፍንጫዋ እንደ እናቷ ይነፋል። አንድ እግሯን አነሣች።

«እሺ! አባቴን ልወስድ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ስደውል ዋልኩ። ወድቀው ነበር! እዚህ ቅርብ ሆናችሁ አንዳችሁም አላወቃችሁም! እንደገና ቢወድቁ ማን…»

እግሯ ወረደ። ማንም አልሳቀም።

ሾፌሩ ቆቡን አውልቆ ተነሣ፤ ቀስ ብሎ እግሩን አነሣ። «ያኔ አኩርፎን ነበር። በሩ ሲዘጋ እያነበበ ነው እንል ነበር፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። አሁን ግን የወሬ ተራው ደርሶ ካልመጣ አጥሩን የምዘልለው እኔ ነኝ።»

«አንተ? አጥር?» አለው ጤፍ ነጋዴው።

«ዝም በል፣ እግሬ አልወረደም! እሺ፣ አልዘልም። ቁልፍ ይስጠኝ።»

የቤቴን ቁልፍ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ቁልፍ የሚያዋስ ሰው ቤቱን ንቋል ብዬ ልጆቼን ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ተርፎ የተቀመጠው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለልጄ ልሰጣት ነበር ያመጣሁት። በአንድ እግሬ ቆሜ ለሾፌሩ ዘረጋሁለት፤ እሱም በአንድ እግሩ ሊቀበለኝ ሲያጎነብስ ተያይዘን አግዳሚዋ ላይ ተከመርን።

ልጄ ሳቀች። አፏን ሳትሸፍን፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ፣ ባዶ እግሯን አቧራ ላይ ቆማ ሳቀች። እኔ ፊት እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ያልታየኝ ለምን እንደሆነም አውቃለሁ።

ሻንጣውን በማንጎ ሞልቼ ሸኘኋት። አሁን ማታ ማታ ትደውላለች።

«አባባ፣ በየትኛው እግር ነዎት?»

«በግራዬ። አንቺስ?»

«እኔም ቆሜያለሁ። ዛሬ ቢሮ ምን እንደሆነ ልንገርዎት…»

ወዲያው በስልኩ ውስጥ ድስት ሲንኳኳ ሰማሁ፤ እግሯ ወርዷል። ተራው የእኔ ሆነ።