ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ፣ በሰፌድ ላይ የሰፋሁት መንገድ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ መካነ ሰላም

ፍርሃት የያዘኝ አብሮን የተሳፈረ አንድ መምህር በክንዱ ተጎትቶ ከመኪናው ሲወርድ ነው። ገና አልተነሳንም። የጭነት መኪናው ሞተሩን ያሞቃል፤ እኛ የጤፍ ጆንያ ላይ ተደራርበን ተቀምጠናል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ንቅንቅ የለም። ሽጉጥ የታጠቀው ካድሬ ወረቀታችንን ሲያይ ከመምህሩ ደብተር ውስጥ የታጠፈ ሉክ ወረቀት መዘዘ። መንገድና ወንዝ ተሥሎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካርታ ነው ጓድ። ለተማሪዎቼ የሣልኩት ነው።»

«ድልድዩንስ ለማን ሣልከው? ለወንበዴ?»

መልሱን ሳይጨርስ አወረዱት። አንድ ጫማው እኛ ጋ ቀረ። ሰው ወረወረለት፤ ጎንበስ ብሎ እንዲያነሳው እንኳ አልፈቀዱለትም። ስሙን ሳላውቅ ቀረሁ።

ጭኔ ላይ ያለው ሰፌድም ካርታ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጄን የወለላን ዓይን በሕፃንነቷ ኩፍኝ ወሰደው። አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ደሴ ያለው የዓይነ ስውራን መማሪያ ሲቀበላት «አልሄድም» አለች። «ጥለሽኝ ስትመለሺ ቤታችን በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም።» እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ እንጂ መንገድ ሥዬ አላውቅም፤ ብሥለውስ በምኗ ታየዋለች? የማውቀው ስፌት ነው። አገራችን ወግዲ ውስጥ ሙሽራ ሁሉ የኔን ሰፌድ ይዛ ነው የምትሄድ። ስለዚህ አንድ ደህና ሰፌድ መረጥኩና መንገዱን በላዩ ሰፋሁት። የእግር መንገዱን በቀጭን የአክርማ ሣር፣ የመኪናውን በወፍራም። ለወንዝ ለስላሳ ጠፍር፣ ለቤተ ክርስቲያን የክር ቋጠሮ፣ ለመስጊድ ዶቃ። ለድልድይ ከአባቷ አሮጌ ካፖርት የነቀልኳቸው ቁልፎች።

ከቤታችን እስከ መካነ ሰላም አልቋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቀውም፤ እየሄድን ልሰፋው ነበር። ካድሬው ሳይመጣ ሾፌሩን ጮክ ብዬ «ወንድሜ፣ እስከ አቀስታ ስንት ድልድይ አለ?» ብዬዋለሁ። እሱም ቆጥሮ ነግሮኛል። መኪናው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ረፋድ፤ መንገድ ላይ

አቧራ፣ ጠጠር፣ ዳገት። ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ፣ ነፋስ የሚያጎነብሰው ባሕር ዛፍ። ሰው አያወራም። ሰፌዱን ገደል ልሰደው አሰብኩ።

«ወለላ፣ ልጣለው።»

«ብትጥይው የት እንዳለሁ በምን አውቃለሁ?»

ወስፌዬን አውጥቼ ጋቢዬ ሥር መስፋት ጀመርኩ። ጣቷን ከጣቴ ኋላ ታስከትላለች።

«እማዬ፣ ተራራውን እዚህ አታድርጊው።»

«ይኸው እያየሁት!»

«መኪናው ገና መች አቃሰተ? እኔ የማውቀው ሲያቃስት ነው።»

እውነቷን ነው። ፈታሁና መኪናው እስኪያቃስት ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ያየሁትን ትቼ እሷ «እዚህ ጋ» ያለችውን ብቻ ሰፋሁ፤ ጠመዝማዛው ወደ እኔ የሚያስደግፋትን፣ ብርዱ ፊቷን የሚመታውን።

ከአጠገባችን የቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ከዲጃ ቅላቸውን አቅፈው ያዩናል። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ይህ ይብስ አስፈራኝ።

ከሰዓት በኋላ፤ አቀስታ መግቢያ

የኬላው ገመድ ተዘርግቷል። ወታደሮቹ ዕቃ እያስፈቱ ነው። «ድልድዩን ለማን ሣልከው?» ያለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ድልድይ ያደረግኳቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ በጥርሴ በጥሼ ወደ አቧራው ጣልኩ። የመጨረሻው ሲወድቅ ቀና ብል ከዲጃ እያዩኝ ነው።

ወታደሩ መጣና ሰፌዱን ከጭኔ አነሳ። መዳፉን አሳለፈበት።

«ምንድን ነው ይሄ ጉብጉብ ያለው?»

ወለላ ክንዴን ጨመደደችኝ። በዚህ መሐል ከዲጃ በሳቅ ፈነዱ።

«ጌታው፣ ምን ይሁን ብለው ነው! ስፌት የማታውቅ ሴት ስትሰፋ እንዲህ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስትለጣጥፍ አይቻታለሁ። ስንዴ ብታበጥርበት ገለባው ቀርቶ ስንዴው ነው የሚሄድ! ወላሂ፣ የማዝነው ለባሏ ነው።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። አፉን ዘግቶ የዋለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» አለኝ ወታደሩ።

በዕድሜዬ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው።

«አዎ ጌታዬ። አልቻልኩበትም።»

«እናቴ ብታገኝሽ ታስተምርሽ ነበር» ብሎ ጭኔ ላይ ወረወረልኝ።

ገመዱን ካለፍን በኋላ ከዲጃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ። እጅሽ እጅ ነው፤ አይቻለሁ። በይ ቀጥይ፤ ከፊታችን ያለውን የጉጉፍቱን ተራራ ብርድ ሳትሰፊ ልጅቱ ምን ታውቃለች?»

ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በፊት፤ ደሴ

አቀስታ አድረን ጉጉፍቱን በጭጋግ አለፍን። የመማሪያው ግቢ ጽድ በጽድ ነው። የተቀበሉን መምህር ራሳቸው ዓይነ ስውር ናቸው። ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ቀስ እያሉ ሄዱበት። አክርማው መንገድ፣ ጠፍሩ ወንዝ መሆኑን ወለላ ነግራቸው ነበርና ጠፍሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ወንዝ ነው። በምን ተሻገራችሁ?»

የሆነውን ነገርኳቸው። ጣታቸውን ቁልፉ የነበረበት ቦታ ላይ አኖሩ። ከዚያ፣ «ከናንተ አገር የመጡ ሌሎች ልጆችም አሉኝ። አገራችን ወዴት ነው ሲሉኝ መልስ አጣለሁ። በዚህ ላይ ቤታቸውን ቢፈልጉ ትፈቅጃለሽ?» አሉ። እኔን አልነበረም የጠየቁት፤ ወለላን ነው።

ወለላ ጣታቸውን ይዛ በአክርማው ላይ አስኬደቻቸው። ቁልቁለት አወረደቻቸው፣ መካነ ሰላምን አሳለፈቻቸው፣ ቀጭኑ መንገድ መጨረሻ ላይ አቆመቻቸው። «እኛ ቤት ይሄ ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ፣ «እማዬ፣ በቃ፣ አንቺ መሄድ ትችያለሽ።»

ዛሬ የማድረው በእትዬ ከዲጃ ዘመድ ቤት ነው። ልጄ ደኅና ገብታለች። እኔም ደኅና ነኝ።