ያልተለኩት ሦስት ችካሎች

በአካባቢ ጥበቃና በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት የጻፍኋቸው የመስክ ማስታወሻዎች ዛሬም ፍኖተ ሰላም ባለው ቤቴ፣ በካርቶን ውስጥ አሉ። ትምህርቴ ከትዝታ ይልቅ መዝገብን እንዳምን አድርጎኛል። ይህን ስጽፍ የምጠራጠረውም ለዚህ ነው፤ በዚህ ጉዳይ መዝገቡ አንድ ነገር ይላል፣ እኔ ሌላ አስታውሳለሁ።

ጡረታ ልወጣ አንድ ክረምት ሲቀረኝ፣ ከቡሬ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ፈፋው የሚወስድ መቀልበሻ ቦይ አስቆፍሬ ነበር። ቦዩ ባሏ ከሞተባት ሴት ማሳ በላይ ያልፍና፣ የጎረቤቷን ማሳ ራስ ተከትሎ ፈፋው ውስጥ ይገባል። መስመሩ የሚወጣው በሁለት በትሮች መካከል በተወጠረ ገመድና በገመዱ ላይ በሚንጠለጠል ውሃ ልክ ነው፤ ቦዩ ወደ ፈፋው በሄደ ቁጥር በጥቂቱ ዝቅ ማለት አለበት። ማስታወሻዬ «እስከ መጨረሻው ችካል በልክ ተሠርቷል» ይላል፤ የእጅ ጽሑፉም የእኔው ነው። እኔ ግን የማስታውሰው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ገበሬዎቹም ከብቶቻቸውን ለማስገባት ሲቸኩሉ፣ ገመዱን ጠቅልዬ የመጨረሻዎቹን ሦስት ችካሎች በዐይን ግምት ማስቸከሌን ነው።

በሐምሌ ጎርፉ ጎረቤትየው ወሰን ሲደርስ ወደ ኋላ ተመለሰና ቦዩን ጥሶ የሴትዮዋን ዳጉሳ ከነአፈሩ ጠርጎ ወሰደው። እሷም ጎረቤቷን ከሰሰች፦ ውሃው በማሳው ራስ እንዳያልፍ በድንጋይ ገድቦ መለሰብኝ፣ ሲነጋም ድንጋዩን አነሳው ስትል። ጉዳዩን ያዩት የአገር ሽማግሌዎች ምስክር ስላጡ፣ ሰውዬው በመጪው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ እንዲምል ወሰኑ።

እኔ ጉዳቱን ልመዘግብ የሄድሁት ሐሙስ ይመስለኛል፤ ዓርብም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከሆኑት ቄስ ጋር ማሳው ዳር አገኘኋቸው።

«ካልነካኸው ምን ያስፈራሃል? ማልና እንገላገል» ትለዋለች።

«እውነት ይዤም ቢሆን በታቦት አልምልም። አባቴም ሳይምል ነው የሞተ።»

«አባትህ በሰው ማሳ ውሃ አልለቀቀማ!»

«አንቺ ሴት፣ እረፊ እንጂ» አሏት ቄሱ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካልማለ አደረገው ማለት ነው፤ ደንባችን እንዲያ ነው። ዳጉሳውንስ ይተካል፤ ስሙን ግን ማን ይተካለታል?»

ሰውዬው ሰምቷል። ቀና አላለም።

ገመዱንና ውሃ ልኩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሌላ ሰው ስላልነበረ አንዱን በትር ለእሷ፣ ሌላውን ለእሱ ሰጠኋቸው። የቦዩ ወለል ወደ እሱ ወሰን ዝቅ ማለት ሲገባው ከፍ ይል ነበር። ደግሜ ለካሁ። ሦስተኛ ጊዜ የለካሁት ለጥንቃቄ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሌላ ውጤት እየለመንሁ እንደነበር እገምታለሁ። በመሥሪያ ቤቴ ያለው ሰነድ ለእኔ ይመሰክርልኝ ነበር። ዝም ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም። ቄሱ «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቦዩ እዚህ ላይ ሽቅብ ይወጣል» አልኋቸው። «ያስቸከልሁት እኔ ነኝ፤ ሦስቱን ሳልለካ ነው ያስቸከልሁ። ይህ ሰው ውሃ አልገደበም።»

ሴትዮዋ በትሩን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። «እንዴት ጋሼ፣ እርስዎን የሚያህል የተማረ ሰው?» አለች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፤ ያም ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ወዲያው ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «አንተስ እያወቅህ ለምን ዝም አልህ?»

«መች ዝም አልሁ? ውሃ ሽቅብ አይሄድም ብዬሽ ነበር። ‹መንግሥት ከለካው ይበልጥ አንተ ልታውቅ ነው?› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

የቀረው ከዚህ የባሰ ነበር። ቦዩ እንዲስተካከል መስመሩ ዝቅ ብሎ የዚያኑ ሰው ማሳ መቁረጥ ነበረበት። ነገርሁት።

«ሳልበድል ልክስ ነው እንግዲህ» አለ።

አዲሱ መስመር የሚያልፍበትን በገመዱ አሳየሁት። እሱ ገመዱ የሚያልፍበትን ዳጉሳ ተመለከተና፣ «መሬቱን ውሰዱት» አለ። «እርስዎ ግን አሁን ያሉትን እሁድ በመሐላው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ሕዝቡ ባለበት ይድገሙልኝ።»

ደገምሁት። ቃሎቼን አላስታውስም። የማስታውሰው ሰውዬው የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፎ ሲያዳምጥ ነው፤ ስጨርስ ጋቢውን አስተካክሎ እንደማንኛውም ምእመን ከሰው ጋር ወጣ።

በማግስቱ ቁፋሮው ሲጀመር ሴትዮዋ ከሁላችንም ቀድማ ደርሳ፣ በአዲሱ መስመር ላይ ያለውን የጎረቤቷን ዳጉሳ ከነሥሩ እየነቀለች በእርጥብ ጆንያ ላይ ታስቀምጥ ነበር።

«ለእሱ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ወዲያ ጥግ ልትከልለት።»

እሱ ዶማውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አያት። «የእኔ ማሳ ሞልቷል» አለ። «ከራስሽ ባዶ ማሳ ላይ ትከይው።»

«ይይዛል ብለህ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ባለሙያውን ጠይቂያቸው።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እርግጠኛ አለመሆኔን ነገርኋቸውና፣ ጆንያውን በአንድ በኩል ይዤ አብሬያት ወደ ማሳዋ ወረድሁ።