የቀኙ ባሌስትራ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮረብታዋን ለቀን ወደ ወንዙ እንድንወርድ ትእዛዝ ደረሰን። ከድንጋይ በቀር መሸሸጊያ የሌላት ራሰ በራ ኮረብታ ነበረች። አሥራ አንድ ቀን ይዘናት ቆይተን ውሃ አልቆብናል። ቁስለኞቻችን በፒክአፕ፣ የቀረነው በእግር እንድንወርድ ተወሰነ።

ፒክአፗን ከእኔ የበለጠ የሚያውቃት አልነበረም። የሻለቃው መካኒክ ነበርኩ። መትረየስ እንድትሸከም ከኋላዋ በቀኝም በግራም ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመውን ተደራራቢ የብረት ምላጭ፣ ጨምሬ ከፍ ያደረግኳት በገዛ እጄ ነው፤ በማግስቱ ወደ ኮረብታዋ ስትወጣ ኮርቼባት ነበር። ሹፌሯ ይልማ የሚባል ቀልደኛ ወታደር ነው። ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ታደለ፣ ቀጥ ብዬ እየነዳሁ ጀርባዋ ወደ ጎን ያመልጠኛል። ዱካዋን እየው» አለኝ።

አየሁት። የኋላ ጎማዎቿ የፊቶቹን ዱካ አይረግጡም። አቧራው ላይ በሁለት ፈንታ አራት መስመር ተሰምሯል። ለጥገና ኃላፊያችን ለሃምሳ አለቃ ገዛኸኝ ነገርነው። በክሪክ አንስተን እንፈትሻት ብዬ ለመንኩት። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላያትም።

«ጤነኛ ናት። ፍርሃት ነው» አለና የመውጫ ወረቀቷ ላይ ፈረመ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ተነሳች። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ከባድ መሣሪያ ተተኮሰብን። ይልማ ፍሬን ያዘ። ጀርባዋ ወደ ጎን ወጣ። ገደል ገባች። እኛ ወርደን ስንደርስ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ከስብርባሪው መሐል የቀኙን ባሌስትራ የመሐል ቡሎን፣ የኋላ ጎማዎቹን አክስል ቦታው ላይ የሚይዘውን፣ ፈልጌ አገኘሁት። ተቆርጧል። አክስሉ በቀኝ በኩል ወደ ኋላ የሸሸው በዚያ ነው።

ሪፖርቱ ግን «በሹፌሩ ፍርሃት የደረሰ አደጋ» አለ። ይልማ እህት ነበረችው፤ ፋንታዬ ትባላለች። ከሞቱት ቁስለኞች የአንዱ እናት ጎረቤቷ ስለነበሩ ከዚያ ወዲያ የእግዜር ሰላምታ ነፈጓት። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ጥፋቱ የገዛኸኝ ነው ብዬ ነገርኳት። ለጎረቤት ብትናገር ማን ይመናት፤ ወረቀቱ ሌላ ይላል። እኔም ይህን ሰው አንድ ቀን ባገኘው የማደርገውን እያሰብኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። እናንተ ልጆች ጥላቻ ይደክማል ትላላችሁ። የእኔ አልደከመም።

በ2007 ዓ.ም. ሪያድ፣ ባዲዓ በሚባል ሰፈር፣ ወርሻ የሚሉት ጋራዥ ተቀጥሬ መኪና እጠግን ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለበረሃ መንገድ ከፍ የተደረገች ነጭ ጂፕ ገባች። ሹፌሯ ፀጉሩ ሸብቷል። ገና አፉን ሲከፍት በድምፁ አወቅሁት፤ ገዛኸኝ ነው። እሱ አላወቀኝም፤ ጺሜም ግራሶውም ሸፍኖኛል።

«ወንድሜ፣ ሌላ ወርሻ ውስጥ ባሌስትራ ጨምረው ከፍ ካደረጓት ወዲህ ጀርባዋ እየሸሸ አስቸገረኝ። ወላሂ፣ ፈርቻታለሁ» አለ።

የወርሻው ሲሚንቶ ላይ ውሃ ደፍቼ ቀጥ አድርጎ እንዲነዳባት ነገርኩት። ወረደና ቁልፉን ሰጥቶኝ ከእኔ ጋር ቆመ። ከፊታችን አራት እርጥብ መስመር ተሰምሯል። ነገሩ ገባኝ። እጄን በጨርቅ ጠረግሁና ቁልፉን መለስኩለት።

«ጤነኛ ናት። ፍርሃት ነው» አልኩት።

ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፤ በዕድሜዬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቃል የለም።  ገዛኸኝ ቁልፉን እንደያዘ ትክ ብሎ አየኝ።

«ታደለ?»

«ያላ፣ ሂድ። ፈርሜልሃለሁ።»

«ብቻዬን ብሆን እሄድልህ ነበር» አለ። «ሐሙስ ግን የአሠሪዬን የከፊሌን ልጆች ጭኜ በረሃ እወጣለሁ። ሦስት ናቸው። በማርያም።»

ቁልፉን ከእጁ ነጠቅሁት። ለእሱ አዝኜ አይደለም። «ከጠገንኩልህ ለይልማ እህት ደውለህ እውነቱን ትናገራለህ» አልኩት። እሺ አለ። «አሁን ተኛና ያኔ ያላየኸውን እይ» ብዬ ሥሯ አስገባሁት። ሜትሩን አስይዤ፣ ባሌስትራው ከፊት ከሻንሲው ጋር ከሚያያዝበት እስከ አክስሉ ድረስ አስለካሁት። ግራውን ለካ። ቀኙን ለካ። ቀኙ በሁለት ጣት ይበልጣል። በክሪክ አንስቼ ማሰሪያዎቹን ፈታሁ። የመሐል ቡሎኑ ለሁለት ተቆርጧል። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይልማን የገደለው ይኸው። አንተ ለማየት የተጠየፍከው።»

ገዛኸኝ ቡሎኑን እያገላበጠ አየው። «አላየሁም። አልክድም» አለ። «ግን እንዲህ ያለው ቡሎን ምን ሲሆን ነው የሚቆረጠው?»

ለሙያ ጥያቄ አፌ ፈጣን ነው። «ባሌስትራ ሲጨመር መጀመሪያ ላይ ጭነት ሲያርፍበት ተጠቅጥቆ ይሳሳል፤ አክስሉን ጠፍንገው የያዙት ማሰሪያዎች ይላላሉ። ያን ጊዜ ጫናው ሁሉ በዚህ ቡሎን ላይ ይወድቃል። የሠራው ሰው ትንሽ ካስነዳ በኋላ ደግሞ ማጥበቅ...» ብዬ አቆምኩ።

«የእኛን ደግመህ አጥብቀህ ነበር?» አለኝ። ሊወቅሰኝ ፈልጎ አልመሰለኝም። የጠየቀኝ ቀስ ብሎ ነው።

አላጠበቅሁም። በማግስቱ ወጣን፤ አሥራ አንድ ቀን አጠገቧ ከርሜ አንድ ቀን መፍቻ አላሳረፍኩባትም። ትዝም ብሎኝ አያውቅም። እንደዚያ ቀን ገዛኸኝን የጠላሁበት ቀን የለም።

አዲስ ቡሎን አስገብቼ፣ አክስሉን ወደ ቦታው መልሼ አሰርኩ። አሸዋ ጭነን አስነዳሁትና ስንመለስ ደግሜ አጠበቅሁ። ማሰሪያዎቹ ግማሽ ዙር ያህል ላልተው ነበር። ከዚያ ለፋንታዬ ደወልን። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጥኩት።

«እህቴ፣ ገዛኸኝ ነኝ። ወንድምሽ መኪናዋ እንደታመመች ነግሮናል። ሳላያት ጤነኛ ናት ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ። 

 «መኪናዋ ምን ሆና ነበር?» አለች ፋንታዬ።

ገዛኸኝ ቀና ብሎ አየኝ። ሊናገርብኝ ይችል ነበር። አልተናገረም።

«እኔ ነኝ ፋንታዬ፤ ታደለ። የሠራኋት እኔ ነኝ። ማጥበቅ የሚገባኝን አላጠበቅሁም» አልኩ።

«አንተ? ለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጠህ አልነበረም እንዴ?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

በዚያ ጥምዝ የሞቱት ሰባት ናቸው፦ አምስት ቁስለኞች፣ አንድ አስታማሚ፣ ሹፌሩ ይልማ። በጠላት ጥይት የሞተ አንድም የለም። ገዛኸኝ ለሟቹ ቁስለኛ እናትም ደውሎ ተናገረ፤ አሁን እናትየዋ ከፋንታዬ ጋር ሰላም እንደሚባባሉ ሰምቻለሁ። እሱን ይቅር አላልኩትም፤ ይቅር በለኝም አላለኝም። ፋንታዬ የእኔን ስልክ እስከ ዛሬ አታነሳም። ልክ ናት።